የጎደለው ሠላሳ ሦስት

የአምናውን ካላንደር ገልብጬ ዘረጋሁ፣
በጀርባው ነጭ ገጽ ላይ ቁጥር ደረደርሁ፦
ለዲግሪው በጠቅላላ መቶ ሃያ ክሬዲት ያሻል፣
ሰማንያ ሰባቱ፣ ጆሊን ሳትወለድ፣ በስሜ ተመዝግቧል፤
ሠላሳ ሦስት ጎድሏል።

ሌሊት ነው ሥራዬ፤ የወንዝ በር ዘጊ፣
ውሃ ከፍ አድራጊ፣ ውሃ ዝቅ አድራጊ።
ሚሲሲፒ እዚህ ጋ ደረጃ አለው፣ በብረት የተሠራለት፣
መርከብ የሚወርድበት፣ መርከብ የሚወጣበት።
በቆሎ የጫነ የጀልባ ሰንሰለት ገብቶ እስኪወጣልኝ
ሰዓት ተኩል አለኝ፣
አንድም ሰው የማይጠራኝ።
ክፍል የማልገባ፣ አስተማሪ የሌለኝ፣ የዚያች ሰዓት ተማሪ ነኝ።
አንብቦ መፈተን፣ ካለፉ መቆጠር፤
የት ተማርሽው? የለም። መቼ? የለም። ያወቅሽው ብቻ ነው የሚመረመር።

ሶሲዮሎጂ፣ ሦስት። በዚያ አልቸገርም፤
አሥር ዓመት መጠጥ ቤት ቢራ የቀዳች ሴት ሰው አይጠፋትም።
የአሜሪካ ታሪክ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሦስት ሲደመር ሦስት፤
ሳይኮሎጂም ሦስት።
(ሁለት ልጅ አሳድጎ፣ አማት አስታምሞ፣
ስለ ሰው ጠባይ ደግሞ
በአራት ምርጫ መጠየቅ! ይሁን፣ እንቀመጥ።)
ማርኬቲንግ፣ ሦስት። ስፓኒሽ፣ ስድስት ብዬ፣ ኋላ ሰረዝኩት፤
በሰማንያ ሰባቱ ውስጥ፣ አንዴ ተቆጥሮ፣ ተኝቶ አገኘሁት።
ባዮሎጂ፣ ስድስት፤
ምሳዬን ከቦርሳ ያፈናቀለ ጡብ።
አልጀብራ፣ ሦስት።
ሌላው በቀለም ነው። እሱን በእርሳስ ጻፍኩት።

ድምሩ ሃያ አራት። «ዘጠኙ ከእኛው ዘንድ፣ ከላይኛው ዓመት»
ይላል የኮሌጁ ደንብ። ዘጠኙ ይቆየን፤ የመኪናው ጎማም አለበት።

የኅዳር መጨረሻ። የፈተና ክፍሉ ጠባቂ፣ ሚስተር ቫንደርሆፍ፣
ሰዓቴን ተቀበለኝ፣ ማስቲካዬን፣ ኪሴን አስገለበጠኝ።
ለምጃለሁ፤ ስድስት ጊዜ እንዲሁ ገብቼ ስድስቱንም ወጥቶልኝ።
አልጀብራው ግን፦ አርባ ስምንት።
ማለፊያው ሃምሳ ነው።
«ድጋሚ ለመቀመጥ ሦስት ወር» አለኝ፣ ሰዓቴን እየመለሰ፤
በዚያው ሳምንት ወንዙ ከዳር ጀምሮ በረዶ ለበሰ።
መርከብ የለ፣ ፊሽካ የለ፤ እሱም ሦስት ወር ተቀጣ።
እኔና ሚሲሲፒ ኤክስን ስንፈልግ ከረምን፣ ጸደይ እስኪመጣ።

አንድ ሌሊት ተናደድኩ። ፈተናማ ሞልቶ!
ቆጣሪ ጠፋ እንጂ።
ለጎርፉ ዓመት ስንት ይሰጣል? ለዚያ ሁሉ የአሸዋ ጆንያ?
ለሮስኮ ሳንባ ስንት ነው? ለሦስት ክረምት ሌሊት፣
ለኦክስጂኑ ቱቦ፣ ለደረሰኙ ክምር፣ ለዚያ ሁሉ ስሌት?
ሮስኮ አለፈ፣
ሃያ ዓመት አለፈ፣
ስንቱን መርከብ አሳለፍኩ፣ እሱም አለፈ፤
አንዱም ማለፍ ግን በስሜ አልተጻፈ።
ጠዋት መዝገብ ቤት ደውዬ፣ ለቀልድ ያህል፣ ጠየቅኋት ልጅቷን፤
ሳቀች። ዝም አለች። ከዚያ «የእኔም እናት...» ብላ አቋረጠች ወሬዋን።

በመጋቢት መጨረሻ በረዶው ተሰበረ፣ እየጮኸ ሄደ።
ሃምሳ ሰባት።
የእርሳሱን ፊደል አጥፍቼ በቀለም ጻፍኩት፣ እጄ እየራደ።

የዓመቱ የመጀመሪያው መርከብ፣ ማዳበሪያ ጭኖ፣ ከደቡብ ሲደርስ፣
ካፒቴን ብሩሳርድ ነበር፣ በሬዲዮ፣ በዚያ በሻከረ ጉሮሮው፦
«ስንት ቀረሽ?» አለኝ።
ካላንደሩን አየሁ።
«ዘጠኝ።»
«ዘጠኝ ጫማ?»
ውሃው ከግድግዳው ሥር ገና እየፈላ ነበር፣ ምንም አልመለስኩ።
«ግድ የለም» አለ። «እጠብቃለሁ። ቀስ ብለሽ ሙዪው።»